ለእድራችን አባላት፦ በዓሉ ሳይደርስ ስለ ቃጠሎ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ፋሲካ እየደረሰ ነው። የዶሮው ድስት፣ የፈላው ውሃ፣ ከሰሉ፣ ጀበናው ሁሉ አንድ ቤት ውስጥ ይገናኛል። ልጆችም ከምድጃው ሥር አይጠፉም። ስለዚህ ስለ ቃጠሎ ትንሽ ላስታውሳችሁ።

ሰው ሲቃጠል መጀመሪያ ውሃ ነው። ቀዝቀዝ ያለ፣ ንጹሕ፣ የሚፈስ ውሃ ለ20 ደቂቃ። ይሄ ረጅም ነው። ልጁ ያለቅሳል፣ ቤተሰቡ ይጨነቃል። ግን አታቋርጡ። ቆዳው ከላይ የበረደ ቢመስልም ሙቀቱ ወደ ውስጥ መጉዳቱን ይቀጥላል። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ከጀሪካን እየቀዳችሁ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱበት። በረዶ ግን አይሆንም። ቀለበትና አምባር እብጠት ሳይጀምር ይውለቅ። ከቆዳ ጋር የተጣበቀ ልብስ አትጎትቱ።

የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ የቡና ዱቄት፦ እባካችሁ ይሄ ነገር ይቅር! ሙቀቱን ያፍናል፣ ቁስሉንም ሊያመረቅዘው ይችላል። ለመርዳት ተብሎ እንደሚደረግ አውቃለሁ። ግን ጤና ጣቢያ ሲታጠብ የሚሰቃየው ያው ልጁ ነው።

ውሃ የቋጠረውን አታፈንዱት። በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት።

ቃጠሎው ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ላይ ከሆነ፣ ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ቶሎ ወደ ሕክምና ውሰዱ። የኤሌክትሪክ ከሆነ ትንሽ ቢመስልም አትናቁት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።