እድሩ ሐይቅ ዳር ሊወርድ ነው፤ አግዙን

ውድ የሰፈራችን ሰዎች፣ እዚህ ያላችሁም ከአገር የወጣችሁም፤

እድራችን ድንኳን አለው። ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ ጥሩምባም አለው። ሁሉም ከዕቃ ቤት የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። ዘንድሮ ግን ለቁም ሰውም አንድ ነገር እናድርግ ብለን ተስማምተናል፤ መራመድ ያቃታቸውን ጎረቤቶቻችንን በዊልቸር ወዳጅነት ፓርክ ሐይቅ ዳር ልናወርድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወዳጅነት ፓርክ ከታላቁ ቤተ መንግሥት ወረድ ብሎ ነው ያለው፤ ከአራት ኪሎ ለጤነኛ ሰው በእግር ይደረሳል። ጳጉሜን 5 ቀን 2012 ሲመረቅ ሰው ሠራሽ ሐይቁንና በሙዚቃ የሚወዛወዘውን ፏፏቴ በቴሌቪዥን አይተናል። ልጆቻችን በዓል በመጣ ቁጥር እየሄዱ ፎቶ ይነሳሉ። ጉልበታቸው የከዳቸው እናቶችና አባቶች፣ መራመድ የማይችሉ ልጆች ግን እስካሁን የሚያውቁት በሰው ስልክ ነው። አንዲት እናታችን ወጣት ሳሉ ሐይቅ ለማየት በባቡር ቢሾፍቱ ይወርዱ ነበር። ዛሬ ሐይቁ ራሱ ሰፈር መጣላቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከደጃፋቸው መውጣት አቃታቸው።

ታክሲ ይዘው አይሄዱም ወይ የሚል ይኖራል። ሞክረነዋል። ታክሲው ዊልቸር ሲያይ ወይ ያልፋል፣ ወይ የሁለት ሰው ይጠይቃል። ከታክሲው በፊት ደግሞ ኮብልስቶኑ አለ። የተዋስነው ዊልቸር የፊት ጎማው ትንሽና ደረቅ ነው። በድንጋዮቹ መሃል ይሰነቀርና ቀጥ ይላል፤ የተቀመጠው ሰው ወደፊት ይወረወራል። ያገኘነው መላ ዊልቸሩን አዙሮ ወደኋላ መጎተት ነው፤ ትልቁ ጎማ ይቀድማል፣ ትንሹ ይከተላል። ይሠራል። ግን የተቀመጠው ሰው የሚሄድበትን ሳይሆን የተነሣበትን እያየ ነው የሚጓዘው፤ ይሄ ደግሞ ሽርሽር አይባልም።

ስለዚህ ወፈር ያለ፣ በአየር የሚነፋ ጎማ ያላቸው 4 ዊልቸሮች መግዛት እንፈልጋለን። የማንም የግል አይሆኑም። ዕቃ ቤት ከድንኳኑ አጠገብ ይቀመጣሉ። ሐኪም ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ የፈለገ ፈርሞ ይወስዳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል።

የቀረው ገንዘብ ለሚኒባስ ኪራይ፣ ለመግቢያና ለምሳ ነው። ሐይቅ ዳር የምንወርደው በወር አንዴ፣ በሥራ ቀን ጠዋት ነው። ቅዳሜና እሑድ ሙሽራውም ካሜራውም ይበዛል፤ አዛውንት በግፊያ መሃል ምን ውሃ ያያል? ክረምቱ ወጥቶ መስቀል እንዳለፈ እንጀምራለን።

ዳቦ ሳይጠገብ ምን መናፈሻ ያሉን አሉ። አልተቀየምንም፤ ኑሮው ይታወቃል። ለታመመና ለተቸገረ የምናዋጣው መዋጮ እንዳለ ነው፣ አይነካም። ይሄ ለብቻው ነው። ደግሞስ ሰው ከቤቱ በቃሬዛ ከመውጣቱ በፊት አንዴ በዊልቸር ይውጣ ብንል ምን ክፋት አለው?

በግንቦት 2011 ለወንዞች ዳርቻ ልማት በተዘጋጀው «ገበታ ለሸገር» እራት ላይ የአንድ ሰው ክፍያ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። የእኛ ገበታ እንደ አቅሚቲ ነው፤ ከ50 ብር ጀምሮ እንቀበላለን።

አንድ ነገር ግን አደራ። ገንዘቡ የሚገባው በእድሩ የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። በግል ስልኬ፣ በቴሌብር ላኩልኝ የሚላችሁ ካለ እኛ አይደለንም። ሒሳቡን የሚያንቀሳቅሱት ሦስት ሰዎች በጋራ ፈርመው ነው፤ የተገዛበት ደረሰኝ ሁሉ እድሩ ቤት በር ላይ ይለጠፋል። የሒሳብ ቁጥሩን ከእድሩ ጸሐፊ ውሰዱ። ውጭ ያላችሁ ቤተሰቦቻችሁን ልካችሁ ጠይቁ፤ ሳታጣሩ ገንዘብ አትላኩ።

ገንዘብ ያጠረው ጉልበት ያዋጣ። ለአንድ ዊልቸር ሁለት ገፊ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል። ወጣቶች፣ ስማችሁን እዚያው ጸሐፊው ጋ አስመዝግቡ። ስትመጡ ምቹ ጫማ አድርጉ፤ ሚኒባሱ ሰፈር ውስጥ ስለማይገባ ከአስፋልቱ እስከ ቤት ያለው ዳገት የእናንተ ነው።