ለአንባቢ 7 አትመልሺ

የኔ እናት፣

ወንድምሽ ትናንት ማታ ደውሎልኝ ነበር። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አላየችም አለኝ። አሳታሚው የልብ ወለድሽን ረቂቅ አስነብቦ የላከልሽን የአሥራ ሁለት አንባቢዎች አስተያየት ጠረጴዛ ላይ ደርድረሽ ለእያንዳንዱ መልስ እየጻፍሽ ነው አሉ። ለአንባቢ 7 ብቻ ዘጠኝ ገጽ! ተይ ልጄ። ለአንባቢ አይመለስም።

እንኳን ደስ አለሽ ሳልልሽ ቁጣ ጀመርኩ አይደል? እንኳን ደስ አለሽ። አራት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ እየተቀመጥሽ እንደጻፍሽው አውቃለሁ። አመሌን ግን ታውቂዋለሽ፤ ስህተት ይቀድመኛል። እመጣበታለሁ።

አስተያየቶቹን ወንድምሽ አንብቦልኛል። አንባቢ 2 ስለ ምህዋር ስሌት የሚያወራውን 40 ገጽ «ዘለልኩት» ይላል። አንባቢ 5 ደግሞ መጽሐፉን የወደደችው ለዚያው 40 ገጽ ስትል ነው። ታዲያ ለሁለቱም መለስሽ! ለአንዱ ገጾቹ ለምን እንዳስፈለጉ አስረዳሽ፤ ለሌላዋ ከምስጋናው ጋር ተጨማሪ ስሌት ጨመርሽላት። ብቻዬን ሳቅሁ። ሒሳቡ የሚጠየቅበት ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሲጻፍ አንባቢው እንዲህ ነው። ካልኩሌተር ይዞ የሚቀመጥ አለ። ሰው ፍለጋ የሚገባም አለ። አንዱን ለማሳመን ስትለፊ ሌላው መጽሐፉን ዘግቶ ተኝቷል። አንቺም ተኚ።

አንባቢ 11 ግን ልክ ነው። ምዕራፍ 9 ላይ የጠፈር መርከብሽ ከሞተሯ ከሚወጣው ጋዝ በ3 እጥፍ እንድትፈጥን አድርገሻል። ከነነዳጇ ስትነሳ የምትመዝነው ግን የባዶዋን 10 እጥፍ ነው። አይበቃም። ፍጥነቷ የጋዙ 2 እጥፍ እንዲሆን ክብደቷ 7.4 እጥፍ መሆን አለበት፤ 3 እጥፍ ከሆነ ደግሞ ወደ 20 ይዘላል። ነዳጁ ራሱ ነዳጅ የሚሸከም ነዳጅ ይፈልጋላ! አሁን ባለው ሒሳብ ሰዎችሽ መድረሻቸው ጋ ሲደርሱ ፍሬን የሚይዙበት ነዳጅ የላቸውም፤ እያጨበጨቡ ያልፉታል። ከኅትመት በፊት አርሚው። አርመሽ ዝም በይ። ሰውዬው መጽሐፉ ወጥቶ ሲያነበው ይገባዋል።

አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። አሜሪካዊው ደራሲ ላሪ ኒቨን በ1970 «ሪንግወርልድ»ን ሲያወጣ ገና መግቢያው ላይ ተሰናከለ። ዋናው ገጸ ባሕርይ የልደት ቀኑ እንዲረዝምለት ከከተማ ወደ ከተማ በቅጽበት ይዘላል። ቀኑ እንዲረዝም ወደ ምዕራብ መሄድ ነበረበት። ኒቨን ወደ ምሥራቅ ላከው። መሬት በተቃራኒው ዞረች ማለት ነው! በኋለኞቹ ኅትመቶች ተስተካከለ። በዚህ አላበቃም። መጽሐፉ አንድን ኮከብ ከብቦ ስለሚዞር ግዙፍ ቀለበት ነው። በ1971 የዓለም የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ ላይ ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሆቴሉ ኮሪደር እየዞሩ ቀለበቷ ሚዛን አትጠብቅም እያሉ በዜማ ጮኹበት። እውነታቸውን ነው። ትንሽ ነገር ከገፋት እየተንሸራተተች ሄዳ ከኮከቧ ጋር ትጋጫለች።

ያ ሰው ምን ያደረገ ይመስልሻል? ቀለበቷን በቦታዋ የሚይዙ ሞተሮችን አሰበና ሁለተኛ መጽሐፍ ጻፈ። መልስ ካለሽ እዚያ ነው ቦታው። ለአንባቢ 7 በዘጠኝ ገጽ አይደለም።

አንዲ ዊርን ደግሞ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ማርስ ላይ ብቻውን ስለቀረ ሰው የጻፈውን «ዘ ማርሺያን»ን በየምዕራፉ ሲያወጣ ኬሚስትሪ የሚያውቁ አንባቢዎች ስህተቱን ይነግሩት ነበር፤ እያረመ ቀጠለ። የመጀመሪያውን አውሎ ነፋስ ግን እያወቀ ተወው። የማርስ አየር ግፊት ከኛው 1 በመቶ አይሞላም። ያ ነፋስ ሰው ሊጥልና ሮኬት ሊያዘምም አቅም የለውም። ግን ሰውየው ብቻውን እንዲቀር ታሪኩ ነፋስ አስፈለገው። ፈረንሳዊው ደራሲ ዡል ቬርንም በ1865 ሰዎቹን በመድፍ ወደ ጨረቃ ሲተኩስ ያው ነው። 270 ሜትር በሚያህል አፈሙዝ ውስጥ በሴኮንድ 11 ኪሎ ሜትር እስኪደርሱ ቢወረወሩ፣ ክብደታቸው ከ20 ሺህ እጥፍ በላይ ሆኖ ወለሉ ላይ በተለጠፉ። መጽሐፉ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይነበባል።

ብርጭቆ ውሃ ኮምፒውተሩ አጠገብ አታስቀምጪ። ወንድምሽ አንዴ እንደደፋሽበት ነግሮኛል። የጻፍሽውንም ሁለት ቦታ አስቀምጪ፤ ዛሬውኑ።

አሁን ወደ አንባቢ 7 ልምጣ። ሸሽቼው ነው እስካሁን።

አንባቢ 7 «ካፒቴኗ ስለ ነዳጅ በየገጹ ታስባለች፤ ትታው ስለመጣችው ሰው ግን አንዴም አታስብም። መርከቧን አመንኳት፣ ሴትዮዋን አላመንኳትም» ብሎ ጽፎልሻል። አንቺም ከሰው ሁሉ መርጠሽ ይህን ተናደድሽበት። ዘጠኙ ገጽ ላይ «አንባቢ 7 የፊዚክስ መሠረታዊ እውቀት የለውም» ብለሻል። ሁለት ጊዜ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ ልጄ።

አዎ፣ እኔ ነኝ። አሳታሚው ረቂቁን ለወንድምሽም ሰጥቶት ነበር። እሱ «አባዬ አንተ አንብበው፣ ለኔ ሒሳቡ ይከብደኛል» ብሎ አመጣልኝ። መጠይቁንም በሱ ፈንታ እኔ ሞላሁት። ስም አያስጽፍም። እንዳትቆጪው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺማ እንዳነበው አትሰጪኝም ነበር። ካሥራ አምስት ዓመትሽ ወዲህ የጻፍሽውን አንድ ገጽ አሳይተሽኝ አታውቂም። ለምን እንደሆነ እኔም አንቺም እናውቃለን። ተነጋግረንበት ግን አናውቅም።

ያ ዓመት ነው። የትኛውን እንደምል ይገባሻል። ከሆስፒታል ማታ ስመለስ ሰማያዊ ደብተር የምበላበት ቦታ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። አሥራ አራት ገጽ፣ በእርሳስ። መርከብ ላይ ስላለች ልጅ ነበር። ደክሞኛል፤ ግን አነበብኩት። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

መርከብሽ እየተሽከረከረች ሰዎቹን ወለሉ ላይ ታቆማቸዋለች ብለሽ፣ ራዲየሷን 10 ሜትር አድርገሽ ነበር። ኅዳጉ ላይ ምን እንደጻፍኩ ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ምድር ላይ ያለውን ክብደት ለማግኘት ይህች መርከብ በ6 ሴኮንድ አንዴ መዞር አለባት። እግራቸው ከጭንቅላታቸው ይከብዳል። ሁሉም ያስታውካሉ።» ከስሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ደብተሩን በርሽ ሥር አስገብቼ ተኛሁ።

ልጅቷ ለእናቷ መልእክት ትልክ ነበር። መልእክቱ የሚሄደው በብርሃን ፍጥነት ነው፤ ማርስ አካባቢ ለመድረስ ደቂቃዎች ይበቁታል። ኔፕቱን ጋ ለመሄድ አራት ሰዓት፣ ለመመለስ አራት ሰዓት። መርከቧ በራቀች ቁጥር የእናቷ ድምፅ ይዘገያል። መጨረሻ ላይ ልጅቷ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። መልሱ መንገድ ላይ ይሁን ወይም የሚልከው ሰው የሌለ ይሁን አታውቅም። እዚያ ላይ ነው ያበቃሽው። ደግሞ የብርሃኑን ፍጥነት አንዱንም አልተሳሳትሽም። በየመስመሩ አሰላሁት፤ ሁሉም ልክ ነበር። ልክ ስለነበረ ምንም አልጻፍኩበትም። ለእኔ ያን ጊዜ ማረም ማለት እንደዚያ ነበር፤ ልክ ከሆነ ታልፊዋለሽ።

በነጋታው እናትሽ «ልጅቷ ምን ጻፈች?» ብላ ጠየቀችኝ። «ራዲየሱ ትንሽ ነው» አልኳት። እሷ ደብተሩን ሳታየው ቀረች።

የዘጠኙን ገጽ ስድስተኛ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። «ካፒቴኗ የማትናገረው ስሜት ስለሌላት አይደለም። አንዴ ተናግራ ስላረሟት ነው» ይላል። ለማታውቂው ሰው ነበር የጻፍሽው። ለአንባቢ አትመልሺ ያልኩሽን አሁንም አልለውጥም፤ ለአሳታሚው እንዳትልኪው። ግን ይህቺን ዓረፍተ ነገር ከመልሱ አውጥተሽ መጽሐፉ ውስጥ አስገቢያት። ምዕራፍ 14 ላይ፣ ከጥገናው በኋላ ብቻዋን የምትቀመጥበት ቦታ አለ አይደል? እዚያ። ከሷ በቀር ዘጠኙን ገጽ ቅደጂው።

ወንድምሽ እሑድ ይመጣል። ልብስሽን አጥበሽ ጠብቂው፤ ሦስት ቀን አንድ ሹራብ ለብሳለች ብሎኛል። የዓይን ሐኪም ቀጠሮሽንም እንዳታሳልፊው።

አባትሽ

ረስቼው። ያችን መርከብ ትናንት ማታ ደግሜ አሰላኋት። ራዲየሷን 224 ሜትር ብታደርጊው በደቂቃ ሁለት ጊዜ ብቻ ብትዞር ይበቃታል። እግርና ጭንቅላትም እኩል ይከብዳሉ ማለት ይቻላል። ማንም አያስታውክም። ልጅቷም መስኮቱ ሥር እንደልቧ መቀመጥ ትችላለች።