ባንክ እና መደብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስድስተኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጄ ባለፈው ሳምንት የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ልጆቹ ባንክ ላይ ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዳሉ» ብላ ተርጉማ በቀይ ተሰርዞባታል። ከጎኑ «የወንዝ ዳር፤ ሌላ ቃል ነው፣ አጥኚው» ተብሎ ተጽፏል።

ሃያ ስምንት ዓመት ከባንኮኒ ጀርባ ገንዘብ ስቆጥር ኖሬአለሁና ነገሩ ከነከነኝ። በእንግሊዝኛ የወንዝ ዳርም የገንዘብ ቤትም «ባንክ» ይባላሉ፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው በፍጹም ባዕድ አይደሉም። የወንዝ ዳር የሚለውን ትርጉም እንግሊዞች ያገኙት ከስካንዲኔቪያ ሰዎች ነው። የገንዘቡ ባንክ የመጣው ደግሞ ከጣሊያን ነው፤ መንዛሪዎች ሳንቲማቸውን ዘርግተው የሚሠሩበት አግዳሚ «ባንኮ» ይባል ነበር። ጣሊያኖቹም ቃሉን የወረሱት የስካንዲኔቪያ ሰዎች የቋንቋ ዘመድ ከሆኑት ከጀርመን ነገዶች ስለሆነ የሁለቱ ሥር አንድ ነው፤ አግዳሚ ወይም ከፍ ያለ አፈር። ኪሳራ የሚባልበት «ባንክራፕት» የተወለደው «የተሰበረ አግዳሚ» ከሚል የጣሊያንኛ አነጋገር ነው። የእኛም «ባንኮኒ» የዚያው ቤተሰብ ነው።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ ከመዘርዘሬ በፊት ግን ስለ መደብ ነገርኋት። እኔ ባደግሁበት የጎጃም ቤት ግድግዳውን ተደግፎ በጭቃ የተሠራ መደብ ነበር። ቀን እንግዳ ይቀመጥበታል፣ ማታ አጎዛ ተነጥፎ ይተኛበታል። ችግኝ የሚፈላውም መደብ ላይ ነው። እኔ የተቀጠርሁት «በገንዘብ ከፋይ የሥራ መደብ» ነው፤ በወጣትነቴ ደግሞ ጠዋት ማታ የምንሰማው ስለ መደብ ትግል ነበር። «መደብ» የሚለው አንድ ቃል ይህን ሁሉ ትርጉም ተሸክሟል። ቅዳሜ ዓባይ ዳር ይዣት ወርጄ ውኃው ቆርጦ የተወውን ከፍ ያለ አፈር አሳየኋት። «ወንዙ የሠራው መደብ ነዋ!» አለች፤ ከዚያ ወዲህ አልረሳችውም።

የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችን የምለምነው ለእንዲህ ያለው ቃል አንድ መስመር የትውልድ ታሪክ እንዲጨምሩ ነው። መምህራንም «ሌላ ቃል ነው» ብለው በሩን አይዝጉባቸው። ልጅ ሥሩን ሲያውቅ ራሱ ይጠይቃል። የእኔዋ በዚያው ቀን «የደም ባንክስ?» ብላኛለች። ስሙን ያወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 በርናርድ ፋንተስ የተባለ የቺካጎ ሐኪም መሆኑን፣ ደሙም እንደ ገንዘብ ገቢና ወጪ እንደሚደረግ ነግሬአታለሁ።

ጡረታ የወጣ የባንክ ሠራተኛ
ከባሕር ዳር