ፈቃዱ ሳይወጣ ለምን አንቆፍርም? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነገር አለ። "የግንባታ ፈቃዱ በሂደት ላይ ከሆነ ቁፋሮውን እንኳ ለምን አትጀምሩልንም?" አንጀምርም። ገንዘቡም ቤቱም የእናንተ ስለሆነ ግን ምክንያቱን ማወቅ አለባችሁ።

ቁፋሮ ሲያዩት ቀላል ሥራ ነው። መሠረቱ ምን ያህል ይጥለቅ፣ ምን ያህል ይስፋ የሚለውን የሚወስነው ግን የስትራክቸር ዲዛይኑ (ቤቱን የሚሸከሙት ክፍሎች ንድፍ) ነው፤ እሱ ደግሞ ገና ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ውስጥ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ቤቱ ከወሰን በአንድ ሜትር ይራቅ ቢባል ጉድጓዱ አብሮ አይርቅም። ከልክ በላይ የተቆፈረውን በአፈር መልሰን እንሙላው ብንል፣ አንዴ የተነካ አፈር እንደ በፊቱ ስለማይሸከም ብዙ ጊዜ በኮንክሪት መሙላት ይመጣል፣ ያ ደግሞ ወጪው ከባድ ነው። ያለ ፈቃድ የተጀመረ ሥራ ከተገኘ ይቆማል፣ ያስቀጣል፣ ሲብስም አፍርሱ ይባላል። ማሽኑና ሠራተኛው ቆሞ ለዋለበት ማንም አይከፍላችሁም።

የጎረቤትም ነገር አለ። የእናንተ ጉድጓድ ከጎረቤት መሠረት ዝቅ ካለ፣ የእሱን መሠረት የያዘው አፈር ወደ እናንተ ሊናድ ይችላል። መርማሪዎች ጥልቅ ቁፋሮ ሲያዩ አፈሩ በምን እንደሚደገፍ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። እኛም ሥራ ከመጀመራችን በፊት የጎረቤቱን ግድግዳ፣ ባለቤቱ ባለበት፣ ፎቶ እናነሣለን። ኋላ "ይሄ ስንጥቅ በእናንተ የመጣ ነው"፣ "አይ፣ ድሮም ነበረ" እየተባባሉ መጨቃጨቅ ለማንም አይበጅም።

ታዲያ ፈቃዱን ምን ያዘገየዋል? ቢሮ ውስጥ ወረፋ አለ፤ እሱን እኛ ማሳጠር አንችልም። "እኔ ሰው አውቃለሁ፣ ቶሎ አስጨርስላችኋለሁ" ከሚላችሁም ራቁ። ከወረፋው ውጭ ፋይል የሚያስመልሰው በአብዛኛው ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፦ የይዞታ ማረጋገጫው ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር አይገጥምም፣ መሬት ላይ ያለው አጥር ካርታው ላይ ካለው ወሰን ያልፋል፣ ቦታው የውርስ ሆኖ አንዱ ወራሽ አልፈረመም። አርክቴክቸሩ (የክፍሎቹ አቀማመጥ ፕላን) ላይ እዚህ ያለው ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) ስትራክቸሩ ላይ ሌላ ቦታ ከተገኘም ፋይሉ ይመለሳል። ይሄኛው ግን የእኛ የቤት ሥራ ነው፣ እናንተን አያሳስባችሁ።

እናንተን የሚመለከተው ሐሳብ መቀየር ነው። ፕላኑ ከገባ በኋላ "መታጠቢያ ቤቱ ወደዚያ ቢዞርስ?" ትሉናላችሁ። መታጠቢያ ቤቱ ሲዞር የቆሻሻ ቱቦው መስመር ይዞራል፣ ቱቦው ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) መሐል ካረፈ ስትራክቸሩ እንደገና መታየት አለበት፣ ከዚያ ሁሉም ሉህ ታርሞ እንደገና ይገባል። ደረጃ ማዛወርማ ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት፣ የሚመለከታችሁ ሁሉ ፕላኑን ዘርግታችሁ ተከራከሩበት፤ ከመግባቱ በፊት የፈለጋችሁትን ያህል እናስተካክላለን፣ አንሰለችም።

አንድ ነገር ደግሞ አትደብቁን፤ ቤቱን ለምን እንደምትፈልጉት። ለመኖሪያ የሚሠራ ወለል በተለምዶ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ታስቦ ይነደፋል፣ ሱቅ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ይታሰብለታል፣ የዕቃ መጋዘን ደግሞ 750 ኪሎና ከዚያም በላይ ሊጠይቅ ይችላል። መኖሪያ ተብሎ ፈቃድ የወጣበትን ቤት በኋላ መጋዘን ማድረግ፣ ከሕጉም በላይ፣ ከሥር ላሉት ሰዎች አደጋ ነው።

ቀለም ለመቀባትና የወለል ንጣፍ ለመቀየር በብዙ ቦታ ፈቃድ አያስፈልግም። ግድግዳ ከማፍረሳችሁ፣ ፎቅ ከመጨመራችሁ ወይም መስኮት ከማስፋታችሁ በፊት ግን ደውሉልን፤ ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ተሸካሚ ግድግዳ መሆን አለመሆኑም በዓይን ብቻ አይታወቅም።

ፈቃዱ ከወጣም በኋላ ተቆጣጣሪው ይመላለሳል። መሠረት ላይ ኮንክሪት ከመሙላታችን በፊት፣ ፌሮው (ኮንክሪቱ ውስጥ የሚገባው ብረት) ከመሸፈኑ በፊት፣ ቱቦና ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ከመቀበሩ በፊት ማየት አለበት። "ዛሬ ሠራተኛው ሁሉ ተገኝቷል፣ እሱ ሳይመጣ እንሙላው" ብትሉን እሺ አንልም፤ የተሸፈነ ፌሮ ልክ ነበር ብሎ ማስረዳት አይቻልም፣ ተቆጣጣሪው ሊያስቆፍረውም ይችላል። ከየሙሌቱ ናሙና ወስደን እናስመረምራለን፣ የኮንክሪት ጥንካሬ በተለምዶ የሚለካው ከተሞላ በ28ኛው ቀን ነው። ፈቃዱ ራሱ የጊዜ ገደብ እንዳለው አትርሱ፣ ገንዘብ ሳታዘጋጁ ቀድማችሁ ብታወጡት ሥራው ሳይጀመር ሊያልፍባችሁ ይችላል። ቤቱ ሲያልቅም ከመግባታችሁ በፊት የመጠቀሚያ ፈቃድ መኖሩን አረጋግጡ።

አዲስ ሥራ ያሰባችሁ የይዞታ ማረጋገጫውን፣ መታወቂያችሁንና ውክልና ካለም ውክልናውን ኮፒ አድርጋችሁ ላኩልን። ከመላካችሁ በፊት ሦስቱም ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል አስተያዩት። ወሰኑን ለመለካት እኛው ቦታው ድረስ እንመጣለን፤ የበሩን ቁልፍ የያዘ ሰው ብቻ ይኑር።

ከአክብሮት ጋር፣
የዲዛይንና የግንባታ ቡድናችሁ