እንኳን ማርያም ማረችሽ ላላችሁኝ ሁሉ

ልጄ ክርስትና ተነሳች። ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ፣ እናንተ እልል እያላችሁ። በዕለቱ «ተነሽና አንድ ነገር ተናገሪ» ስትሉኝ እንባዬ ቀደመኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስለዚህ ልጻፈው።

የሆነውን ታውቁታላችሁ፣ ደግሜ አልተርከውም። ደሙን፣ የሌሊቱን ሩጫ፣ ልጅቷ ቀኗ ሳይደርስ መምጣቷን ከእኔ በላይ እናንተ ታስታውሳላችሁ። እኔማ ግማሹን አላውቀውም። የማውቀው ከነቃሁ በኋላ ያለውን ነው፤ ከነቃሁ በኋላ ደግሞ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

ከእትዬ ልጀምር። ስሜን እንዳትጠሪ ብለው አስምለውኛል፣ አልጠራም። ግን በእኛ ብሎክ እትዬ ሲባል ማንን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ምድር ላይ፣ በራቸው ሥር በቀለም ቆርቆሮ ጤና አዳም የተከሉት እትዬ።

እናቴ ያለችው ጎጃም ነው። አራስ መንከባከብ የእናት ወግ ቢሆንም መንገዱ ስላልተመቸ መምጣት አልቻለችም። ስልክ ላይ ስታለቅስ እትዬ ከእጄ ተቀበሉኝና «እርስዎ እዚያው ሆነው ይጸልዩ፤ እዚህ እኔ አለሁ» አሏት። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም ነበር። እናቴ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ የወሰዳት።

«እዚህ እኔ አለሁ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ከሆስፒታል ስወጣ ማለዳ ማለዳ የገብስ ገንፎ ይመጣልኛል። አንድ ቀን ለማየት ጓጉቼ ቀስ እያልኩ ወርጄ ወጥ ቤታቸው ተቀመጥኩ። ውሃው ሲንተከተክ ዱቄቱን በትንሽ በትንሹ ይነሰንሳሉ፣ በማማሰያ ያማስላሉ፣ ድስቱን በእግራቸው ጣት ደገፍ አድርገው እንደገና ያማስላሉ። ጓል አይወዱም። አንዲት ጓል ካዩ የድስቱ ጠርዝ ላይ ጨፍልቀው፣ አጉረምርመውባት ነው የሚያልፉት። ከዚያ ሳህን ላይ ገልብጠው፣ በእርጥብ ማንኪያ አለስልሰው፣ መሐሉን ጎድጎድ አድርገው ቅቤና በርበሬውን ያፈሱበታል። ይህ ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ነው።

የእኔ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለንም። የእትዬ ጉልበት ደግሞ ዝናብ ሊመጣ ሲል አስቀድሞ የሚያውቅ ጉልበት ነው። አልጋዬ ላይ ሆኜ የነጠላ ጫማቸውን ድምፅ እሰማለሁ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይቆማል። ሦስተኛ ላይ ይቆማል። ከዚያ «ተነሽ፣ ሳይበርድ!» የሚለው ትእዛዝ ከእሳቸው ቀድሞ በሩን ያልፋል።

ምግብ አልገባልኝ ሲል አይለምኑኝም። «አይዞሽ» እንኳን አይሉም። ወንበር ስበው ይቀመጡና የሠፈሩን ወሬ ይጀምራሉ። የጤፍ ዋጋ። የሁለተኛ ፎቁ ሰውዬና የመኪና ማቆሚያው ጭቅጭቅ። የማን ልጅ ማንን እንደጠየቀ። ጆሮዬ ወሬው ላይ፣ እጄ ሳላውቀው ማንኪያው ላይ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ወሬውም ያልቃል፣ እሳቸውም ይነሳሉ። ይሄ ብልሃት መሆኑ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። እትዬ፣ ነቅቼብዎታለሁ፤ ግን ወሬውን እንዳያቋርጡብኝ። የሰውዬው ነገር አላለቀም።

ሆስፒታልም አብረውኝ ነበሩ። ልጄ ስትወለድ 1,600 ግራም ነበረች። ነርሷ «ካንጋሮ» የሚባለውን ስታስረዳኝ እትዬ አጠገቤ ተቀምጠው ይሰማሉ። ሕፃኗ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጋ እናት ደረት ላይ ትተኛለች፣ ቆዳ ለቆዳ፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት። ነርሷ ወሬ አዋቂ ናት፤ የማሞቂያ ሣጥን ባጠረበት በኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሐኪሞች እንደጀመሩት፣ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅትም ቀናቸው ሳይደርስ ለሚወለዱ እንደሚመክረው ነገረችን። እትዬ ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ «ታዲያ ለዚህ ኮሎምቢያ ድረስ ምን አስኬደን? እኔን አያቴ በጋቢዋ ውስጥ ያሳደገችኝ ምን ነበር?» አሉ። ነርሷ ሳቀች። እኔም ቁስሌን በእጄ ይዤ ሳቅኩ። ከወለድኩ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቄ ነበር።

ቤት ከገባን በኋላ እኔ እንቅልፍ ሲጥለኝ ተረኛዋ ካንጋሮ እሳቸው ሆኑ። ልጄን ደረታቸው ላይ አስተኝተው፣ በጋቢ ሸፍነው፣ መስኮቱ ጋ ይቀመጣሉ። «በስተርጅና አውሬ አደረጋችሁኝ» ይላሉ። ግን ማንም እንዲቀበላቸው አይፈልጉም። ነርሷ ያለችውንም፣ ትራሴ ሥር ብረት ማድረጉንም እኩል ያምኑበታል፤ ሁለቱንም ሳያስቀሩ አደረጉልኝ። እኔም ሁለቱንም ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ስለ እትዬ ብዙ እንደጻፍኩ አውቃለሁ። ገና ግማሹን ነው።

የመንትዮቹ እናት፣ አንቺን ደግሞ አላህ ይስጥልኝ። ወተት አልመጣልኝ ብሎ ሳለቅስ የእኛን ክፍል ዘበኛ አሳምነሽ የገባሽው አንቺ ነሽ። ምን እንዳልሽው አሁንም አልነገርሽኝም። ልጆችሽ ቀናቸው ሳይደርስ ተወልደው ስለነበር የምታደርጊውን ታውቂያለሽ። በሙቅ ፎጣ እየያዝሽ፣ በእጅ እንዴት እንደሚታለብ አሳየሽኝ። ያን ቀን የወጣው የሲሪንጅ ጫፍ እንኳን የማይሞላ ነበር። አፈርኩ። አንቺ ግን ሲሪንጁን ወደ መብራቱ አንስተሽ «ማሻአላህ! ይሄ ለሷ ምሳ ነው» አልሽ። እውነትም ምሳዋ ነበር፤ በአፍንጫዋ በገባው ቀጭን ቱቦ ስትወስደው ቆመን አየናት። ለክርስትናው ቀን የራስሽን ድስት ይዘሽ መጥተሽ፣ ለሙስሊም እንግዶቻችን ለብቻ የታረደውን ለብቻ ሠርተሽ፣ ስትጨርሺ ደግሞ የእኛን ሽንኩርት መክተፍ መቀጠልሽን ሁሉም ሰው አይቷል።

የሆስፒታሉ እናቶች። እዚያ ክፍል ስም አንጠራራም ነበር። «የ3 ቁጥር እናት»፣ «የ7 ቁጥር እናት» ነበርን። ከወሊሶም ከቡታጅራም ከአዲስ አበባም የመጣን፣ በየሦስት ሰዓቱ ትንሿን ብልቃጥ ይዘን የምንሰለፍ። አማርኛ ለማትችለው ኦሮምኛ የምትችለው ታስተረጉማለች። አንዲት የስልክ ቻርጀር ለሁላችን ትዞራለች። የሌላዋን ጋቢ ለብሼ ያደርኩበት ሌሊት አለ፤ ጠዋት ማን እንደደረበልኝ ስጠይቅ ሁሉም ዝም አሉ።

ከመካከላችን አንዷ ልጇን ሳትይዝ ወጣች። ከመሄዷ በፊት ለልጇ በእጇ የሠራችውን የክር ኮፍያ አምጥታ አልጋዬ ላይ አስቀመጠችው። አጥባዋለች። «ለሷ ይሁናት» አለችኝ። እጇን ይዤ ቆየሁ፣ ሌላ የምለው አልነበረኝም። እህቴ፣ ምናልባት ይህ ከደረሰሽ፣ ኮፍያው ለልጄ ልክ ሆኖ ነበር። አሁን ጠቧት ተቀምጧል። ለማንም አልሰጠውም።

እዚህ ላይ ጽሑፉን አቁሜ ነበር። ማግስቱን ነው የቀጠልኩት።

እሺ፣ ደሙ። ደም ያስፈልጋል ሲባል ከብሎካችን አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሴት ስታዲየም ወዳለው ደም ባንክ መሄዱን የነገረኝ ባለቤቴ ነው። የሦስተኛ ፎቋ ተማሪ ሚዛን ላይ ወጥታ 45 ኪሎ ሳትሞላ ቀረች። ስልክና ቁልፍ ኪሷ ከትታ እንደገና ልትመዘን ስትል ተይዛለች አሉ። አልቅሳ ተመለሰች። የኔ ቆንጆ፣ ከዚያ ወዲህ ገንፎዬን የምትሻሚኝ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ደም የሚለገሰው በየሦስት ወሩ ነውና የሰጡት ለቀጣዩ ዙር እየተዘጋጁ ነው፤ አንቺም «አሁን 45 አልፌያለሁ» እያልሽ ነው። እናያለን።

ጸጉር ሠሪያችን! የዚያ ወር የዕቁብ ዕጣ የወጣላት እሷ ናት። ለስንት ጊዜ ስታወራለት የነበረውን ካስክ ልትገዛበት ነበር። ብሩን ለባለቤቴ አምጥታ «መድኃኒቱን ግዛበት፣ ተራ ተለዋውጠናል» አለችው። የእኔ ዕጣ እስኪወጣ ድረስ የደንበኞቿን ጸጉር በዚያ በሚያጓራው አሮጌ ካስክ እያደረቀች ቆየች። አንድም ቀን አላነሳችብኝም። አሁን አዲሱ ገብቷል። ሠፈር ያላችሁ ሄዳችሁ ተሠሩ፣ ይህን እንደ ማስታወቂያ ቁጠሩት።

ያ የቴሌግራም ግሩፓችን የተከፈተው ለውሃ ነበር። «ውሃ መጣች!» ለሚለው የሌሊት መልእክት። እኔ ሆስፒታል እያለሁ ግን የሚዛን ግሩፕ ሆነ። ጠዋት ልጄ ስትመዘን እጽፋለሁ፣ 20 ግራም ጨመረች፣ ዛሬ 35፣ ዛሬ ደግሞ 10 ቀነሰች። ስትጨምር እልልታ በድምፅ መልእክት ይመጣል፣ ከየወጥ ቤቱ፣ ከጀርባው የሽንኩርት ቁሌት እየተንቻቻ። ስትቀንስ ማንም ምክር አይልክም፤ «ነገ ትጨምራለች» ብቻ። ልጄ እንደ ወርቅ በግራም ተመዝና ያደገች ናት፣ ሚዛኑን ደግሞ አብራችሁኝ ነው ያነበባችሁት። 2 ኪሎ የሞላች ቀን አንዷ አምባሻ ጋግራ ለየፎቁ አከፋፈለች። እኔ አልቀመስኩትም፣ ፎቶውን ነው ያየሁት።

ቤቴ ስመለስ ደግሞ በርሜሉ ሙሉ ነው፣ ጀሪካኖቹም። በተረኛ ቀን ውሃ በመጣ ቁጥር ማን እየወጣ ይሞላልኝ እንደነበር እስካሁን የሚነግረኝ አላገኘሁም። አንዷን ስጠይቅ ሌላዋ ናት ትለኛለች። የአራስ ልብስ ማጠብ ምን ያህል ውሃ እንደሚፈጅ ለምታውቁ፣ እናንተው ናችሁ የምትረዱኝ።

የእድራችን ሰዎች፣ የማርያም ማኅበርተኞቼ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ፣ አብሮ አደጎቼ፣ ዘመድ አዝማድ በሙሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቤሩትና ጅዳ ሆናችሁ ከሰው ቤት ሥራ ተሸሽጋችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ መልእክት ስትልኩልኝ የነበራችሁ እህቶቼ፣ የላካችሁትም ደርሶኛል። እናንተ ራሳችሁ ማን አይዟችሁ እንደሚላችሁ እያሰብኩ ነበር የምሰማው።

ሐኪሞቹንና ነርሶቹን በአካል ሄጄ አመሰግናለሁ፣ ድፎ ዳቦ ይዤ። ባለቤቴን እዚህ አላመሰግንም። እቤት እንነጋገራለን።

«ዋናው አንቺ ተረፍሽ፣ ልጅ ይተካል» ያላችሁኝም ነበራችሁ። ክፋት እንዳልነበረበት አውቃለሁ። ግን ልጇ ገና እየተነፈሰች ላለች ሴት ይህን አትበሏት። የምትሉት ከጠፋችሁ አጥሚት ይዛችሁ ሂዱ።

እናቴ ለክርስትናው መድረሷን አይታችኋል። ያላያችሁት አለ። ደጁ ላይ እትዬን ሳሳያት ምንም ሳትናገር ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ሄደች። እትዬ «ኧረ በስመ አብ!» ብለው እሳቸውም የእሷን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እዚያው እንደተያያዙ ቀሩ። አንዳቸውም ቀና ማለት አልቻሉም፣ ለካ የሁለቱም ጉልበት አንድ ነው። በየብብታቸው ገብተን አነሳናቸው። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ አብረው ነው ገንፎ የሚያገነፉት፣ ስለ ቅቤው መጠን እየተጨቃጨቁ። እናቴ እትዬ ቅቤ ይሰስታሉ ትላለች። እኔ መሐል አልገባም።

ስማችሁን ያልጠራሁ፣ ውለታችሁን ያልጻፍኩ ብዙ ናችሁ። እባካችሁ እንዳትቀየሙኝ። ልጅ እያጠባሁ በአንድ እጅ ነው የምጽፈው፣ ደግሞም የማላስታውሳቸው ቀናት አሉ። በእነዚያ ቀናት የመጣችሁ «እኔም ነበርኩ» ብላችሁ ንገሩኝ፣ ደስ ይለኛል።

አንድ የቀረ ጉዳይ። ቤቴ የእናንተ ዕቃ ሞልቶታል። ፔርሙዝ፣ ሳህን፣ የምሳ ዕቃ፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ ሰማያዊ ባልዲ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ ጥሩ ማማሰያ። የማማሰያው ባለቤት ቶሎ ካልመጣች እትዬ ዓይናቸውን ጥለውበታል። እሑድ ከሰዓት ቡና አፈላለሁ፣ ኑና ውሰዱ። ዕቃ ባዶውን አይመለስምና እናቴ ከጎጃም ያመጣችው በሶ በየሳህኑ ተደርጎ ይጠብቃችኋል። ከቻላችሁ ትኩስ ነገር ይዛችሁ አትምጡ። ማስቀመጫ የለኝም።

እህታችሁ፣ ከአራተኛ ፎቅ