መፋቂያውን ያስቀምጡልኝ

ሞጆ፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎ። እስከ መጨረሻው ይስሙኝ። ለዓመታት ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ።

ጾሙ ከገባ ወዲህ በቆዳ ፋብሪካችን ሥራ ቀዝቅዟል። ሰው ካላረደ ቆዳ ከየት ይመጣል? የፋሲካ ማግስት ግን በመኪና በመኪና ይጎርፋል። ያኔ ቀና ብሎ ማየትም የለም። ጊዜ ሳገኝ ልጻፍልዎ አልኩ።

ባለፈው በስልክ “ለመሆኑ እዚያ ምንድን ነው የምትሠራው?” ብለው ሲጠይቁኝ “ማሽን ላይ ነኝ” ብዬ አለፍኩት። ዛሬ በደንብ ልንገርዎ።

መጀመሪያ የቆምኩት ፍሌሺንግ በምንለው ማሽን ላይ ነበር። ሥራው እርስዎ ቆዳ ሲያለፉ በመፋቂያዎ የሚሠሩት ነው። ሌጦው በኖራና ሰልፋይድ በሚባል ኬሚካል ተዘፍዝፎ ጸጉሩ ከለቀቀ በኋላ ወደ እኛ ይመጣል። ያሟልጫል፣ ይከብዳል። ማሽኑ አንድ የጎማ ሮለርና ዙሪያውን ምላጭ የተጠመጠመበት ሲሊንደር አለው። ምላጩ ከመሃል ተነሥቶ ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ይዞራል። ስለዚህ ትርፍ ሥጋውን እየፋቀ ሌጦውን ወደ ሁለቱም ጎን ይዘረጋዋል። እርስዎ በችካል ወጥረው የሚያደርጉትን ማለት ነው። ግማሹን አስገብተን እናወጣለን። ከዚያ አዙረን ሌላውን ግማሽ እንሰጠዋለን። ሌጦው ታጥፎ ከገባ ግን አለቀ፣ ይተለተላል።

አሁን ሼቪንግ ላይ ነኝ። እዚህ የሚመጣው ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋው ነው፤ ቀለሙ ሰማያዊ ስለሆነ ዌት ብሉ እንለዋለን። እርስዎ በእንቧይ ብዙ ቀን የሚደክሙበትን፣ ትልቁ የእንጨት ድራም እያሽከረከረ በአንድ ቀንና ሌሊት ይጨርሰዋል። መልፋቱን የምናውቀው ከዳር ቆርጠን የፈላ ውሃ ውስጥ በመክተት ነው። ካልተኮማተረ ለፍቷል። የእኔ ሥራ ውፍረቱን ማስተካከል ነው። ለጓንት የሚሆን የበግ ሌጦ ወደ 0.6 ሚሊሜትር ይወርዳል። በመለኪያ እየለካን እንሠራለን። እኔ ግን ከመለኪያው በፊት በሁለት ጣቴ ይዤ አውቀዋለሁ። ሆዱ ስስ፣ ጀርባው ወፍራም መሆኑን እዚህ ያስተማረኝ ሰው የለም። ልጅ ሆኜ ከጎንዎ ቁጭ ብዬ “ሆዱ ላይ እጅህን ቀለል አድርግ” ያሉኝ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።

እማዬ ስለ እጄ እንደምትጨነቅ አውቃለሁ። ማሽኑ ፊት ለፊት መከላከያ አለው፣ ሲነካ ያቆመዋል። ልቅ እጅጌ አልለብስም። ቀለበትም አላደርግም። እኔን ከምላጩ ይልቅ የሚያስፈራኝ ጋዙ ነው። ሰልፋይድ ያለበት ውሃ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ድራም አጠገብ ስሆን ማን ምን እየጨመረ እንደሆነ ሳልጠይቅ አላልፍም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

እዚህ ስገባ የሥራ ጓደኞቼ “አባትህ ምን ይሠራሉ?” ሲሉኝ “ገበሬ ናቸው” አልኩ። አራት ዓመት ሙሉ እንዲሁ አልኩ። ትምህርት ቤት “የፋቂ ልጅ” ሲሉኝ የነበረው ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነው። ምራንና ስልቻ ሊያሠሩ የሚመጡ ሰዎች ከደጅ ቆመው ሲያናግሩዎት፣ ቡና ሲቀርብላቸው እምቢ ሲሉ አይቻለሁ። እርስዎ አንድ ቀን ክፉ አልወጣዎትም። ምራኑ ግን እንዳይበጠስ አድርገው ሰጥተው ይሸኟቸዋል። ያንን እጅ ነው እኔ የካድኩት። ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ።

ባለፈው ወር አዲስ ሠራተኞች መጡና አሠልጥናቸው ተባልኩ። አንዱ ልጅ “ይህን የእጅ ነገር ከየት አመጣኸው?” ሲለኝ “አባቴ ቆዳ አልፊ ናቸው፣ ከእሳቸው ነው” አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቀለለኝ። የሚገርመው፣ ቆዳ በደረጃ የምትመርጥ አንዲት ትልቅ ሴት ሰማችኝና ምሳ ሰዓት ሙሉ ስለ እርስዎ ጠየቀችኝ። እንቧዩን እንዴት እንደሚጨምቁ፣ ጉሎውን መቼ እንደሚቀቡ፣ በእግር ሲረገጥ ስንት ቀን እንደሚፈጅ። ግማሹን መመለስ አቃተኝ። ስመጣ ቁጭ ብዬ እጠይቅዎታለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ለጎረቤቶቻችን ስለ በጉ እከክ ይንገሩልኝ። እከኩን የሚያመጡት ቅማልና መዥገር መሳይ ተባይ ጸጉሩ ሥር ስለሚደበቁ ከላይ አይታዩም። እኛ ጋ ጸጉሩ ሲነሣ ነው ነጠብጣቡ የሚወጣው፣ ያኔ ምንም ማድረግ አይቻልም። ፈረንጆቹ እንኳ በጽሑፋቸው “እከክ” እያሉ በኛው ቃል ይጠሩታል። በ2000 ዓ.ም. ጥሬውንና በከፊል የተሠራውን ቆዳ ወደ ውጭ በሚልኩ ላይ 150 በመቶ ታክስ የተጣለው እዚሁ ተሠርቶ ይውጣ ተብሎ ነው። ነገር ግን የተበላሸ ሌጦ የትም ቢሠራ የተበላሸ ነው።

ለፋሲካ የሚታረደውን በግ ሌጦም ገዢ የለም ብለው እንዳይጥሉት። እንደተገፈፈ ጥላ ቦታ ይዘርጉትና ሥጋ ሥጋው በኩል ጨው ያልብሱት። ለሁለት ኪሎ ሌጦ ወደ አንድ ኪሎ ጨው ይበቃዋል። ቢላዋ እንዳይነካውም አደራ፣ ይህንን እንኳ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ፈቃድ ካገኘሁ ለዳግማይ ትንሣኤ እመጣለሁ። ያቺ እጀታዋ የተሰነጠቀው መፋቂያ አሁንም ካለች ለማንም እንዳይሰጡብኝ። አዲስ እጀታ ይዤላት እመጣለሁ።

ልጅዎ