ደረት ላይ የሚነጠፍ ጋዜጣ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የእማዬስ ደም ግፊት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎት የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብ። የኔ ቆንጆ፣ የፈረንጅ ስም ሲያደናቅፍሽ ዝለይው፤ አያትሽ አይቆጡም።

የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ያለበትን የቤልጂየም ከተማ ስሙን ነግሬዎታለሁ፤ ኦውደናርደ ይባላል። ያልነገርኩዎት ነገር፣ በቆጂ ለሩጫ የሆነችውን ያህል ይህች ከተማ ለብስክሌት መሆኗን ነው። በፈረንጆቹ ከ1913 ጀምሮ የሚካሄደው የፍላንደርስ ዙር ከ2012 ወዲህ የሚጠናቀቀው እዚህ ነው። ገበያው አደባባይ ላይ ለዚያ አንድ ውድድር ብቻ የተሠራ ሙዚየም አለ። እሑድ እሑድ መንገዱ በብስክሌተኛ ስለሚሞላ እኔ በእግሬ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ እንኳን ግራ ቀኝ አይቼ ነው የምሻገረው።

ከምንከባከባቸው ሰዎች አንዱ ሰማንያን የተሻገሩ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ የሥራችን ደንብ አይፈቅድም። አንድ ብርዳም ጠዋት በተሽከርካሪ ወንበር ወደ አትክልቱ ቦታ ላወጣቸው ስል “ቆይ” አሉኝና ከጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንስተው አጠፉት። ሹራባቸውን ገለጥ አድርገው ደረታቸው ላይ ዘረጉት። ከዚያ በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት። አብራኝ የነበረችው ባልደረባዬ ዓይኗን ጠቀሰችኝ፤ አእምሯቸው መክዳት ጀመረ ማለቷ ነው። እኔ ግን ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። አባባ፣ ያቺ መታ መታ የእርስዎ ነበረች።

ገና ጎህ ሳይቀድ፣ የእንጦጦ ብርድ በበሩ ስር እየገባ፣ እርስዎ የትናንቱን አዲስ ዘመን አጥፈው ከሸሚዝዎ ስር ይከቱና እንዲሁ ሁለት ጊዜ መታ ያደርጉታል። እማዬ “የሰው ባል ጋዜጣ ያነባል፣ የእኔ ይለብሰዋል” ትላለች። ከዚያ ብስክሌትዎ ፍሬኑ እያፏጨ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ይወርዳል። እኔ ካፖርት መግዣ ያጣን ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ አፍርበት ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ሽማግሌውን ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ጠየቅኳቸው። “አቀበቱን ስትጨርሺ በላብ ርሰሻል፤ ቁልቁለቱን እንደዚያው ሆነሽ ብትወርጂ ነፋሱ ደረትሽን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ተራራው ጫፍ ላይ ከቆመው ተመልካች ጋዜጣ ነጥቀሽ ትከቺያለሽ” አሉኝ። ለካ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) ዘጠኝ ዓመት እንጀራቸው ብስክሌት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ሰዓት ላይ ወንበር ስቤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። አለቃዬ አንድ ሁለት ጊዜ ሰዓቷን አይታለች።

“ስንት ጊዜ አሸነፉ?” ስላቸው በጣታቸው ሁለት አሳዩኝ። ሁለቱም የመንደር ውድድር ነው፤ የአንደኛው ሽልማት አንድ ሙሉ የአሳማ ጭን ነበር። (እማዬ ይህን ስትሰማ ታማትባለች።) የቀረውን ዕድሜያቸውን የጋለቡት ለሌላ ሰው ነው። በእነሱ ቋንቋ ሥራው ክኔክት ይባላል፤ ሎሌ ማለት ነው። ፈረንሳዮቹም የቤት አሽከር ይሉታል። ስሙን ያወጣው የቱር ደ ፍራንስ (የፈረንሳይ ዙር የብስክሌት ውድድር) መሥራች ኦንሪ ደግራንዥ ነው ይባላል፤ በ1911 ሞሪስ ብሮኮ የሚባል ተወዳዳሪ ጉልበቱን ለሌሎች ሲያከራይ አይቶ ሊሰድበው ብሎ ነው። ስድቡ የሙያ ስም ሆኖ ቀረ።

የሎሌው ሥራ አንደኛ፣ ነፋስ መጋረድ ነው። ከሰው ጀርባ ተጠግቶ የሚጋልብ ከሩብ በላይ ጉልበት ይቆጥባል፤ ስለዚህ ሎሌው ከፊት ሆኖ ይደክማል፣ የቡድኑ መሪ ከኋላ ሆኖ ለመጨረሻዋ ሰዓት ይቀመጣል። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ደግሞ መንገዱን አግድም ይዘው ይደረደራሉ፤ ያንን ድርድር ማራገቢያ ይሉታል። እማዬ ቡና ስታፈላ ከሰሉን የምታራግብበትን አስቤ ሳቅኩ። ማራገቢያው ላይ ቦታ ያጣ ሰው መንገዱ ዳር ብቻውን ይንገላታል፤ ያን ጊዜ አለቀለት።

ሁለተኛው ውሃ ነው። በዚያን ዘመን ከመኪና መጠጥ መቀበል በውድድሩ ደንብ የተገደበ ስለነበር ሎሌዎቹ መንገድ ላይ ቡና ቤት ሲያዩ ብስክሌታቸውን ጥለው ይገባሉ፤ ያገኙትን ጠርሙስ ሁሉ በኪሳቸውም በደረታቸውም ጠቅጥቀው ሳይከፍሉ ይወጣሉ። እሳቸውም አንድ ሐምሌ ስድስት ጠርሙስ አፍሰው፣ ተሰናክለው ሁለቱን ሰብረው፣ የተረፈውን ይዘው ሃያ ደቂቃ ያህል ሲያባርሩ ቆይተው መሪያቸው ጋ ደረሱ። መሪው የመጀመሪያውን ከፍቶ አንዴ ሳብ አደረገ። ኮምጣጤ ነው። “የሰደበኝን ስድብ ለአንቺ አልተረጉምልሽም” አሉኝ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

እኔ ግን ከሁሉም አእምሮዬ ውስጥ የቀረው የ1969ኙ የፍላንደርስ ዙር ነው። ዝናብና ነፋስ ነበር። ዝነኛው የቤልጂየም ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ፣ ያኔ ገና 23 ዓመቱ ነው፣ ለመጨረስ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ብቻውን ወጣ፤ ሁለተኛውን ፌሊቼ ጂሞንዲን ከአምስት ደቂቃ በላይ ቀድሞት ገባ። ይህ በየመጽሐፉ ያለ ነው። ሽማግሌው የሚያስታውሱት ሌላ ነው። መርክስ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የመሪያቸው ጎማ ተነፈሰ። እሳቸው ሳይታዘዙ ወርደው የራሳቸውን ጎማ ፈትተው ሰጡትና ገፍተው አስነሱት። ከዚያ ባለ አንድ ጎማውን ብስክሌት በእጃቸው ይዘው ቦዩ ዳር ቆሙ። የቡድኑ መኪና ሩቅ ነው። ሰው ሁሉ በአጠገባቸው አለፈ፤ ፊት ያሉት፣ መካከለኞቹ፣ በመጨረሻም ያነከሱት። “ከዚያ ጸጥ አለ። ላም ሲያመሰኳ ሰማሁ” አሉኝ። ያን ቀን አልጨረሱም። መሪውስ አመሰገነዎት? ስላቸው ጥያቄው አልገባቸውም፤ ደግሜ ብጠይቅም አልገባቸውም።

ብስክሌተኞች ለጉልበት ስለሚውጡት ኪኒን አንዴ ጠይቄያቸው ነበር። ጌንት ይኖር የነበረው እንግሊዛዊ፣ ቶም ሲምፕሰን፣ በ1967 ቱር ላይ ቫንቱ ተራራን ሲወጣ ወድቆ መሞቱን፣ ደሙ ውስጥም አምፌታሚን የሚባል አነቃቂ መድኃኒት መገኘቱን አንብቤ ነው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ከዚያ ወዲህ አላነሳሁትም።

መጀመሪያ ሲያዩኝ “የቢንያም ግርማይ አገር ልጅ ነሽ?” ብለውኝ ነበር። ጎረቤት ነን አልኳቸው። ኤርትራዊው ቢንያም በ2022 ጌንት ቬቨልገም የሚባለውን ውድድር ያሸነፈ ቀን እዚህ መጦሪያው ውስጥ ያልጮኸ የለም ይላሉ፤ በ2024ም በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ቀን አሸንፎ በነጥብ አንደኛ ለወጣ የሚሰጠውን አረንጓዴውን ማልያ ይዞ ገባ። እኔም እልህ ያዘኝና፣ ኢትዮጵያ በእኛ አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ እንደነበር ነገርኳቸው። እርስዎ ራዲዮ እያዳመጡ የሚያነሱትን የገረመው ደንቦባን ስም ጠራሁላቸው፤ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይም ተወዳድሯል አልኳቸው። አበበ ቢቂላን ያውቁታል። በዚያው ኦሊምፒክ የእኛ ሰዎች በብስክሌትም መወዳደራቸውን ግን አያውቁም ነበር። ከእኛስ ስንቱ ያውቃል?

ባለፈው ሳምንት ኮፐንበርግ የሚባለውን አቀበት አየሁት። 600 ሜትር ያህል የሚሆን ያረጀ ኮብልስቶን ነው፤ የሚብሰው ቦታ ላይ ዳገቱ 22 በመቶ ይደርሳል። በ1976 መጀመሪያ ውድድሩ ውስጥ ሲገባ መርክስ ራሱ ወርዶ ብስክሌቱን ገፍቷል። እርስዎ ማታ ማታ ከስድስት ኪሎ ወደ ላይ ብስክሌትዎን እየገፉ ሲመጡ የሰፈር ልጆች “አባባ ደከሙ!” እያሉ ይከተሉዎት ነበር፤ እኔም አንዳንዴ አብሬያቸው እስቅ ነበር። አሁን ለእነዚያ ልጆች መልስ አለኝ፤ ግን ሁሉም አርጅተዋል።

ሳሎን ያለችውን ፎቶግራፍ ስለ እርስዎ ስነግራቸው ገለጽኩላቸው። በፖሊስ ቡድን ማልያ፣ ጀርባዎ ላይ ቁጥር 31፣ ትርፍ ጎማ ትከሻዎ ላይ መስቀለኛ አስረው፣ ፊትዎ ጭቃ በጭቃ። ማሸነፍዎን አልጠየቁኝም። “ለማን ነበር የሚጋልበው?” ብቻ አሉኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ያቺን ፎቶግራፍ አቧራ ስጠርግላት ኖሬ መልሱን አላውቅም። እርስዎ ሁልጊዜ “እኔ አንደኛ አልነበርኩም” ብለው ይዘጉታል፤ እኔም ተሸንፈዋል ማለት ነው ብዬ ተውኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። የእህቴ ልጅ ፎቶግራፏን ከግድግዳው አውርዳ ካጠገብዎ ታስቀምጥ። ትርፍ ጎማው የማን ነበር? ጋዜጣውንስ ማን አስተማረዎት? ሽማግሌው ደግሞ አዲስ ዘመን ስንት ቅጠል እንደሆነና ነፋስ ያስገባ እንደሆነ ጠይቂልኝ ብለዋል።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ